ደሞዝ ወይስ ሜዳ
በለንደን በአንድ የሐበሾች እግር ኳስ ክለብ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ሰብሳቢያችን ስለ ክለቡ ገንዘብ ተናገር ብሎኛል። እኔ ግን የማወራው ስለ ራግቢ ነው። አዎ፣ ያ እንቁላል የመሰለ ኳስ ይዘው የሚደፋፈጡት ጨዋታ። ምን አገናኘው እንዳትሉኝ፣ ትንሽ ታገሡኝ። ዛሬ ማታ የምንመክርበት ጉዳይ፣ ማለትም አንድ ባለሀብት ወንድማችን ለተጫዋቾች ደሞዝ ልክፈል ያሉት ነገር፣ እዚሁ ከተማችን ሪችመንድ ላይ አንድ ጊዜ ተሞክሯል። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራላችሁ።

ሪችመንድ የራግቢ ክለብ የተመሠረተው በ1861 ነው። ትዊክንሃም ስታዲየም በ1909 ሲከፈት የመጀመሪያውን ጨዋታ ከሃርለኩዊንስ ጋር ያደረገው እሱ ነው። ያኔ ሊግ የሚባል ነገር አልነበረም። ክለቦቹ እየተጠራሩ ይጫወታሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ ይለያያሉ። ለተጫዋች መክፈል ነውር ነበር። የሰሜን እንግሊዝ ክለቦች በ1895 ተገንጥለው የወጡትም በዚሁ ምክንያት ነው። ተጫዋቾቻቸው የማዕድንና የፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ፤ ቅዳሜ ከሥራ ሲቀሩ የቀረባቸውን ደሞዝ ይካሱ ቢሉ ተከለከሉ። ተገንጥለው ያልወጡት ክለቦች በቀሩበት ራግቢ ግን የሊግ ውድድር የተጀመረው በ1987 ነው። ለተጫዋች መክፈል የተፈቀደው ደግሞ በ1995።

ከዚያ በኋላ ገንዘቡ ጎረፈ። አሽሊ ሌቬት የሚባል ሚሊየነር ሪችመንድን ያዘ። ስኮት ክዊኔል ከዌልስ፣ ቤን ክላርክ ከእንግሊዝ፣ አጉስቲን ፒቾት ከአርጀንቲና፣ ማን ያልመጣ አለ! በ1997 ወደ ላይኛው ሊግ ወጡ። ሜዳው ጠበበን አሉና ሬዲንግ ድረስ ሄደው በማደስኪ ስታዲየም መጫወት ጀመሩ። በ1999 ሰውየው በቃኝ አለ። በዚያው ዓመት ቡድኑ ከሰረ፤ የተረፈው ከለንደን አይሪሽ ጋር ተጠቃለለ። ከጠቅላላው ታሪክ እኔን የሚገርመኝ ፍጥነቱ ነው። ከ130 ዓመት በላይ የቆየ ቡድን ለመፍረስ አራት ዓመት አልፈጀበትም።

ሜዳውና አባላቱ ግን ቀሩ። በ2000 ከታችኛው እርከን ጀመሩ። የእንግሊዝ ራግቢ እንደ መሰላል ነው የተሠራው። እስከ 2025 በነበራቸው ስም ልጥራቸውና፣ ከላይ ፕሪሚየርሺፕ፣ ቀጥሎ ሻምፒዮንሺፕ፣ ሦስተኛው ናሽናል ሊግ አንድ፣ ከዚያ በታች የክልልና የአውራጃ ሊጎች እየተደራረቡ ይወርዳሉ። ሪችመንድ ያን ሁሉ በእግሩ ወጥቶ በ2016 ሻምፒዮንሺፕ ደረሰ። አሥራ ስድስት ዓመት ማለት ነው።

አሁን ስለ ታችኛው ሊግ ቅዳሜ ልንገራችሁ፤ ቴሌቪዥን ላይ አታገኙትም። ጥር ላይ ሜዳው ጭቃ ነው፤ ካልሆነ በረዶ ይይዘውና ጨዋታው ይሰረዛል። ተጫዋቹ አስተማሪ ነው፣ ቧንቧ ሠሪ ነው፣ ባንክ ይሠራል። አሠልጣኙ ሐሙስ ማታ ስልኩን ይዞ «ትመጣለህ? ትመጣለህ?» ሲል ያመሻል። ይህን እኛም እናውቀዋለን! ራግቢ ላይ ችግሩ ትንሽ ይብሳል። ሁለቱ ቡድኖች ተያይዘው ኳሱን በግፊያ የሚሻሙበት ጊዜ አለ፤ ያኔ ከፊት ሆነው የሚጋፉት ሦስቱ ልጆች በዚያ ቦታ የሠለጠኑ መሆን አለባቸው፤ አንገት ሊሰበር ይችላል። የሠለጠነ ሰው ካለቀ ዳኛው መገፋፋቱን ያስቀራል፤ ተደጋግፎ መቆም ብቻ ይሆናል። ጉልበቱን ተማምኖ ለመጣ ቡድን ግማሽ ኃይሉ እዚያው ላይ ሄደ ማለት ነው።

የሊጉ ነጥብ አሰጣጥም ደስ ይላል። ማሸነፍ 4፣ አቻ 2። አራት ትራይ ያስቆጠረ አንድ ይጨመርለታል (ትራይ ማለት ኳሱን ከተቃራኒው መስመር ጀርባ መሬት ማስነካት ነው፤ በጨዋታው 5 ነጥብ ያስገኛል)፤ በ7 ወይም ከዚያ ባነሰ ልዩነት የተሸነፈም አንድ ያገኛል። ስለዚህ በ12 የሚመራ ቡድን በመጨረሻው ደቂቃ ዘና ማለት አይችልም፤ ተሸናፊው ለዚያች አንዲት ነጥብ ይሞታል። እግር ኳስ ይህን ቢኮርጅ እኔ በግሌ እደግፋለሁ። ሲያልቅ ደግሞ ባለሜዳው እንግዳውን ያበላል። ምግቡን የሚያዘጋጁት፣ ባንዲራ የሚተክሉት፣ በር ላይ የሚቆሙት አባላት ናቸው።

በ2019 ሪችመንድ እንደገና ወደ ናሽናል ሊግ አንድ ወረደ። 16 ክለብ፣ 30 ጨዋታ። የዚያው ወቅት መጋቢት ላይ ኮሮና መጣና ውድድሩ ሳያልቅ ተዘጋ። የእንግሊዝ ራግቢ ማኅበር እያንዳንዱ ክለብ እስከዚያ በሜዳውና ከሜዳው ውጭ ባስመዘገበው ውጤት ደረጃውን አሰላ። አንደኛ ሪችመንድ! ዋንጫው በካልኩሌተር ነው የመጣው ብለው የቀለዱ አሉ። ይቀልዱ፤ ቁጥሩ የተሠራው ልጆቹ ከመስከረም ጀምሮ በለቀሙት ነጥብ ነው።

ወደ ላይ ሲወጡ ማን ቢጠብቃቸው ጥሩ ነው? ሳራሰንስ። ከተፈቀደው የደሞዝ ጣሪያ በላይ ሲከፍል ተይዞ ከላይኛው ሊግ የወረደው፣ ሦስት ጊዜ የአውሮፓ ሻምፒዮን የሆነው ሳራሰንስ። በ2021 የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ተጫዋቾቹን ኦወን ፋረልንና ማሮ ኢቶጄን የያዘ ክለብና የቀን ሥራ ያላቸው የሪችመንድ ልጆች በአንድ ሊግ ተገናኙ። ሳራሰንስ በዓመቱ ተመልሶ ወጣ። ሪችመንድ በ2023 ወረደ፤ በ2025 ደግሞ ተመለሰ። በእነዚህ ዓመታት ዎርስተር፣ ዋስፕስ፣ ለንደን አይሪሽ አንድ በአንድ ከስረው ከፕሪሚየርሺፑ ወጡ። ጀርዚ የሚባለው ክለብም በ2023 የሻምፒዮንሺፑን ዋንጫ አንስቶ በወራት ውስጥ ተዘጋ። ሪችመንድ መውረድ ለምዷል፤ ቢወርድ የሚዘጋበት ምክንያት የለም።

ወደ ጉዳያችን ልመለስ። ወንድማችን ያቀረቡት ከቅን ልብ ነው፤ እናመሰግናለን። ገንዘብ አንቀበል እያልኩ አይደለም፤ ሪችመንድም ስፖንሰር አለው። የምቃወመው ደሞዙን ነው። አንድ ጊዜ ደሞዝ ከጀመርን ባለሀብቱ ባልተመቻቸው ዓመት ልጆቹን ምን እንላቸዋለን? ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ገንዘቡ ለሜዳ ኪራይ፣ ለማሊያ፣ ለሕፃናት አሠልጣኞች ሥልጠና ይዋል። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ለሦስት ዓመት። ማቋረጥ የፈለገ ወገን ስድስት ወር አስቀድሞ ያሳውቅ። የሜዳ ኪራዩን ግማሽ ደግሞ ምንም ቢመጣ ከአባላት መዋጮ እንክፈል።

ሌላም አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ መረቡን የሚሰቅሉት፣ ሻይ የሚያፈሉት፣ ልጆቹን በመኪና የሚያመላልሱት ሁልጊዜ ያው ሰዎች ናቸው። ደክሟቸዋል፤ አይናገሩም እንጂ። በር ላይ ያለው ጠረጴዛ ላይ የተራ መመዝገቢያ ወረቀት አለ፤ ከመውጣታችሁ በፊት ስማችሁን ጻፉበት። አሁን የውሉን ረቂቅ ገንዘብ ያዣችን ያነቡልናል። ጥያቄ ያለው ይጠይቅ፤ ከዚያ ድምፅ እንስጥ።