ዳቦ ልትገዛ የሄደች እናት

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ጎረቤቴ ቤት እያሠራ ስለሆነ የመዶሻ ድምፅ ከሰማችሁ ይቅርታ።

የማወራችሁ ስለ እህቴ ልጅ ነው። እሷም ፈቅዳልኛለች። «ስሙን ብቻ እንዳትጠሪ» አለችኝ፣ አልጠራም።

እህቴ ወደ ጅዳ ስትሄድ ልጇ ሁለት ዓመት ተኩሉ ነበር። ደሴ፣ እናታችን ቤት። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ መኪናው መጣ። ልጁ ተኝቷል። ቀስቅሰን እናሰናብተው ወይስ ይተኛ በሚለው ትንሽ ተንሾካሾክን። በመጨረሻ ሁላችንም «ምን ያውቃል፣ ልጅ ነው» ብለን ተስማማን። ሻንጣዋን ያወጣሁት እኔ ነኝ። በሩ እንዳይጮህ ቀስ አድርጌ የዘጋሁትም እኔ ነኝ።

ጠዋት ሲነሳ «እማ የታለች?» አለ። እማዬ እንጀራ እየጋገረች ነበር። ምን እንደምትለው አላሰበችበትም። «ዳቦ ልትገዛ ሄዳ ነው፣ አሁን ትመጣለች» አለችው።

«አሁን» የተባለው ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ።

የሚገርማችሁ፣ መጀመሪያ ላይ አላለቀሰም። ጭራሽ ጨዋ ሆነ። ጎረቤቱ ሁሉ «እንዴት ያለ ልጅ ነው፣ ምንም አልረበሸ» ይል ነበር፤ እኛም ደስ አለን። ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ግን ፍራሽ ማርጠብ ጀመረ፣ ትቶት የነበረውን ማለት ነው። እማዬ ሽንት ቤት ስትገባ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። ሰው ነጠላ ከደረበ ወይም ፌስታል ካነሳ ጩኸቱ ጦሳ ተራራ ድረስ ይሰማል።

አንድ ቀን እማዬ ፍራሹን ፀሐይ ላይ ልታሰጣ ስታነሳ ከሥሩ ዳቦ አገኘች። አንድ ቁራሽ እንዳይመስላችሁ። የደረቀው፣ የሻገተው፣ አይጥ የቀመሰው፣ ብዙ ነው። «ስስታም ሆነብኝ፣ የማበላው አይመስልም እኮ» ብላ በስልክ እየሳቀች ነገረችኝ። እኔም አብሬያት ሳቅሁ። ነገሩ የገባኝ ከወራት በኋላ፣ አዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው። ቤት ውስጥ ዳቦ ካለ ማንም ዳቦ ልግዛ ብሎ አይወጣም። ልክ ልሁን አልሁን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። እኔ ግን ያን ቀን ታክሲው ውስጥ ሰው እያየኝ አለቀስኩ።

እህቴ የምትደውለው ዐርብ ማታ ነበር፣ ማዳሟ ስልኳን የምትሰጣት ያኔ ነው። በኢሞ። እማዬ ስልኩን ስኳር ዕቃው ላይ አስደግፋ ልጁን ፊት ለፊት ታስቀምጠዋለች። መጀመሪያ ይስቃል፣ መኪናውን ያሳያታል። ከዚያ ኔትወርክ ይሄዳል፣ የእህቴ ፊት ስክሪኑ ላይ ደርቆ ይቀራል። አፏ እንደተከፈተ። ልጁ «እማ! እማ!» ይላል፣ መኪናውን ወደ ስልኩ ያስጠጋል፣ ስክሪኑን በጣቱ ይመታል። ትንሽ ቆይቶ ፊቱን ያዞራል። ኔትወርኩ ሲመለስ እሷ እየጮኸች ትጠራዋለች፣ እሱ ግን ዞሮ አያይም። «ጠላኝ» ትላለች። ከዚያ እሷ ታለቅሳለች፣ እማዬም ታለቅሳለች፣ ስልኩ ይዘጋል።

ኤድዋርድ ትሮኒክ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ አለ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አንድ ሙከራ ሠራ። እናት የጥቂት ወር ልጇን ፊት ለፊት አስቀምጣ ታጫውታለች። ከዚያ ፊቷን ዝም እንድታደርግ ይነገራታል፤ ሳትስቅ፣ ሳትቆጣ፣ ለሁለት ደቂቃ ያህል። ሕፃኑ ፈገግ ይልላታል፣ እጁን ይዘረጋል፣ ያጉረመርማል። አልሆን ሲለው ፊቱን ያዞራል። ይህን ሳነብ ስኳር ዕቃው ላይ የተደገፈችው ስልክ መጣችብኝ። እርግጥ ኢሞ እና ቤተ ሙከራ አንድ አይደሉም። ልቤን ያሳረፈው ግን የነገሩ ቀሪ ክፍል ነው። እናት እና ልጅ፣ የሚዋደዱትም ጭምር፣ ሳይግባቡ የሚያልፉበት ጊዜ ብዙ ነው። ትሮኒክ ትልቅ ቦታ የሚሰጠው ከዚያ በኋላ መልሶ ለመገናኘት ነው። ለእህቴም ያልኳት ይህንኑ ነው። «ሲያዞርብሽ አታልቅሺ። ቆይ፣ ዝም ብለሽ ዝፈኚለት፣ መልሶ ይዞራል።» እሹሩሩ ትዘፍንለት ጀመር። አንዳንዴ ይዞራል፣ አንዳንዴ ጀርባውን ሰጥቶ ያዳምጣል።

በዚህ መሃል ስሟን መርሳት ጀመረ። አያቱን «እማዬ» ይላል። እናቱን ደግሞ «ኢሞ» ይላታል፤ እዚያ ውስጥ የምትኖር መስሎት።

አሁን ስለ ገንዘብ ላውራ። እህቴ በየወሩ ትልካለች። እማዬ መጀመሪያ የምትገዛው የዱቄት ወተት ነው፤ ቆርቆሮዎቹ መደርደሪያው ላይ ተደርድረው ቤቱ ሱቅ መስሎ ነበር። ሁላችንም ልጁ ወተት እስከጠጣ ድረስ ምንም አልጎደለበትም ብለን እናስብ ነበር።

ጃማይካ፣ ኪንግስተን ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ የተሠራ ጥናት አለ። ሳሊ ግራንታም ማክግሬጎር የምትባል ሐኪም ከባልደረቦቿ ጋር ከድሃ ሰፈሮች 129 የቀነጨሩ ሕፃናትን ወሰደች፤ ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 24 ወር ነው። ለአንዳንዶቹ በሳምንት አንድ ኪሎ የዱቄት ወተት ተሰጠ። ለሌሎቹ የሰፈር ጤና ሠራተኛ በሳምንት አንድ ሰዓት ቤታቸው ትመጣና እናትየዋን ከልጇ ጋር መጫወት ታለማምዳለች። ሁለቱንም ያገኙ ነበሩ፣ ምንም ያላገኙም ነበሩ። ይህ ለሁለት ዓመት ቀጠለ። መጫወቻው ከተጣለ ዕቃ የተሠራ ነው። ልጆቹ ሃያዎቹን ሲጀምሩ ተመልሰው ፈለጓቸው። የጨዋታ ጉብኝት የነበራቸው ካልነበራቸው 25 በመቶ የበለጠ ገቢ ያገኙ ነበር። ወተቱ ብቻውን ግን በገቢያቸው ላይ የሚታይ ውጤት አልነበረውም።

ወተት አያስፈልግም እያልኩ አይደለም፣ እንዳትሰድቡኝ። የራበው ልጅ ወተት ይፈልጋል። ግን እኔን የገረመኝ የጉብኝቱ አካሄድ ነው። ሴትየዋ የምትመጣው ልጁን ልታስተምር ብቻ አይደለም። ከእናትየዋ ጋር ቁጭ ትላለች። «እንዲህ ስትይው ልጁ እንዴት እንዳየሽ አየሽ?» ትላታለች። ያቺ እናት በሳምንት አንድ ሰዓት የሚያያት ሰው አላት።

እማዬን ያያት ማን ነበር? ስልሳ አንድ ዓመቷ ነው፣ ደም ግፊት አለባት። ሌሊት ሦስት ጊዜ ትነሳለች። ካባበለችው «አሮጊት ያሳደገው ሆነ» ይሏታል። ከቆነጠጠችው «ምስኪን፣ እናቱ ብትኖር» ይሏታል። ኬጂ ሲገባ ልጅ ነከሰ ተብሎ ብቻውን ከኋላ አስቀመጡት፤ የተጠራችውም የተወቀሰችውም እሷ ናት። እኔም በየሳምንቱ እየደወልኩ የምጠይቃት «በላ? ተኛ? አመመው?» ነበር። ስለ እሷ አንድም ቀን!

የጠየቀቻት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት። ለቫይታሚን ኤ ነበር የመጣችው። ጠብታውን ሰጠችው፣ ክንዱን ለካች፣ ጻፈች። ልትወጣ ስትል ዞር ብላ «እርስዎስ እማማ፣ ይተኛሉ?» አለቻት። እማዬ ዱካው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ልጅቷ ቦርሳዋን አስቀምጣ አብራት ተቀመጠች። መፍትሔ አላመጣችም፤ ቡና ተፈላ፣ ጎረቤት ተጠራ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ የምንላት ጎረቤታችን ከሰዓት በኋላ ልጁን አንድ ሰዓት ትወስድልን ጀመር። እማዬ ያን አንድ ሰዓት ትተኛለች። በቃ፣ የሆነው ይሄ ነው። ለሞተ ዕድር አለን፣ ለደከመ ግን የለንም ብዬ ያን ሰሞን በጣም ተናድጄ ነበር።

የተኛች አያት ሌላ ሰው ናት። ከሃይላንድ ጠርሙስ መኪና ሠራችለት፤ ጎማው ቆርኪ ነው፣ በሽቦ የተያያዘ። ቆርኪዎቹን አብረው ይቆጥራሉ። ሰባት ላይ ሁልጊዜ ይሳሳታል፣ እሷም አብራው ትሳሳታለች።

እውነቱን የነገረችውም ያኔ ነው። ፎቶ ይዛ፣ ጭኗ ላይ አስቀምጣው። «እናትህ ዳቦ ልትገዛ አልሄደችም። ሩቅ አገር ሥራ ላይ ናት። እኔ ነኝ የዋሸሁህ፣ ይቅርታ» አለችው። አያት የሦስት ዓመት ተኩል ልጅ ይቅርታ ስትጠይቅ አይቼ አላውቅም። እሱ ትንሽ አሰበና «እዛ ዳቦ የለም?» አላት።

እህቴ አንዴ የሆነ ቪዲዮ አይታ በሌሊት ደወለችልኝ። «ከሁለት ዓመት በኋላ አይስተካከልም አሉ» ትላለች። ስለ ሩማንያ ሰምታ ነው። ቡካሬስት ውስጥ 136 የሕፃናት ማሳደጊያ ልጆችን ያጠኑት ሰዎች፣ ከሁለት ዓመታቸው በፊት ቤተሰብ ያገኙት የተሻለ እንደሆኑ አይተዋል፤ እውነት ነው። ግን እነዚያ ልጆች የእኔ የሚሉት ሰው ሳይኖራቸው ነው በተቋም ውስጥ የቆዩት። የአንቺ ልጅ ሌሊት ሦስት ጊዜ የምትነሳለት ሴት አለችው አልኳት። መከራ ሁሉ አንድ አይደለም። ፍርሃትም በቪዲዮ አይለካም።

ከዚያ ተመለሰች። በ2006 ዓ.ም. ከ160 ሺህ በላይ ሰው ከሳውዲ በጥቂት ወር ውስጥ ሲመለስ አስታውሳለሁ። ሁላችንም ያወራነው ስለ ተመላሾቹ ነበር። ቤት ስለሚጠብቃቸው ልጅ ያወራ ሰው ትዝ አይለኝም። እህቴም በር ላይ ደርሳ እጇን ስትዘረጋ ልጁ ከእማዬ ቀሚስ ኋላ ገባ። ከዚያ አንገቱን አውጥቶ «ኢሞ መጣች» አለ። ሳቅን። እሷ ግን አልሳቀችም።

ለሁለት ሳምንት አልነካችውም። ማለት፣ እሱ እስኪመጣ ጠበቀችው። እማዬ ታበላዋለች፣ እሷ አጠገባቸው ቁጭ ትላለች። እማዬ ታጥበዋለች፣ እሷ ውሃ ታቀርባለች። እማዬም ለእሷ መልቀቅ ከብዷት ነበር፣ ይህንንም ማንም አላሰበላትም። አንድ ጠዋት ሁለቱ ተጣሉ፤ ስለ ካልሲ ነበር። ስለ ካልሲ እንዳልሆነ ሦስታችንም እናውቃለን።

ባለፈው እሑድ ደወልኩ። እማዬ አነሳች።

«የት ሄዱ?» አልኳት።

«ዳቦ ሊገዙ።»

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም። ፌስታሉን እሱ ይዞ።»

እሺ፣ መዶሻውም ጀመረ። ሳምንት እንገናኝ።