ደብረ ብርሃን ተቀምጦ የባሕር ውኃ መሳብ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ሰሞኑን አንድ የሰፈራችን አዛውንት ሥራዬን ጠየቁኝ። «ባሕር ዳርቻ ላይ ለሚሠሩ ፋብሪካዎች የውኃ መሳቢያ እነድፋለሁ» ስላቸው፣ «ልጄ፣ በዚህ ብርድ የምን ባሕር?» ብለው ሳቁብኝ። አልተሳሳቱም። ከጣርማ በር ወደ ምሥራቅ የሚወርደው ዝናብ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳያይ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። የእኛ የበሬሳ ወንዝ ግን በጀማና በዓባይ ዞሮ ሜዲትራኒያን ይደርሳል።

ንድፉ የሚሠራው ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ የባሕሩ ጥልቀት፣ የማዕበሉ ከፍታና ውኃው ሲሸሽ የሚወርድበት ልክ ተለክቶ ከመጣልኝ እዚሁ እሠራለሁ።

ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ፓምፑ ነው፤ እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን የመሳቢያው አፍ ነው። በኃይል ከተሳበ ዓሣውም፣ ገና ከእንቁላል የወጣው እጭም፣ አሸዋውም አብሮ ይመጣል። ስለዚህ ውኃው አፉ ላይ ባለው ወንፊት ሲያልፍ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ15 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ እናደርጋለን፤ አሜሪካ በ2014 ባወጣችው ደንብ ውስጥ ከተፈቀዱት አማራጮች አንዱም ይኸው ልክ ነው። በሰከንድ 1 ሜትር ኩብ ለመሳብ ታዲያ ወደ 7 ካሬ ሜትር ክፍት ቦታ ያስፈልጋል። ባለንብረቶች «ይህ ሁሉ ለምን?» የሚሉት እዚህ ላይ ነው።

ዓሣ ከጎን የሚስበውን ፍሰት አውቆ ይሸሻል፤ ቁልቁል የሚስበውን ግን በቅጡ አይለየውም። ከባሕሩ ወለል ቀጥ ብሎ በቆመው ቧንቧ አፍ ላይ ጠፍጣፋ ክዳን የሚደረገው ለዚህ ነው፤ ውኃው በጎን ይገባል፣ ዓሣውም ያመልጣል። ይህን ክዳን መጀመሪያ ያሰበውን ሰው ባገኘው እጁን እስመው ነበር።

ጄሊፊሽ የሚባለው ዝልግልግ የባሕር እንስሳ ግን መሸሽ አይሆንለትም፤ ውኃው ወደወሰደው ይሄዳል። በ2013 በስዊድን የኦስካርሻም የኑክሌር ጣቢያ አንዱ ማብለያ የቆመው የማቀዝቀዣ ውኃውን መግቢያ ጄሊፊሽ ስለዘጋው ነው።

ከሁሉም የሚያስቸግሩኝ ዛጎል ለበሶቹ ናቸው። በእጭነታቸው ከወንፊቱ ቀዳዳ ስለሚያንሱ ዝም ብለው ያልፉና ቧንቧው ግድግዳ ላይ ተጣብቀው ያድጋሉ። ክሎሪን ያዳክማቸዋል እንጂ ፈጽሞ አያጠፋቸውም፤ ቧንቧው ተዘግቶ መፋቅ አለበት። በዚህ ምክንያት ሁለት ቧንቧ ጎን ለጎን እስላለሁ፤ አንዱ ሲጸዳ ፋብሪካው በሌላው ይሠራል። አሁን የያዝኩት ሥራ ባለቤት ሁለተኛው ይቅርልኝ እያለኝ ነው። ፋብሪካው ለጽዳት ስንት ቀን መቆም እንደሚችል በጽሑፍ እንዲያሳውቀኝ ጠይቄዋለሁ፤ መልሱን እየጠበቅሁ ነው።