የዘጠነኛው ዴቨን መኮንኖች

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ በኅዳር ብርድ ከቤት ወጥታችሁ ስለመጣችሁ በጣም አመሰግናለሁ።

በየዓመቱ በዚህ ሰሞን፣ እዚህ እንግሊዝ አገር፣ ልጆቻችን በጦርነት ለወደቁት መታሰቢያ የሚሆነውን ቀይ የወረቀት አበባ ደረታቸው ላይ አድርገው ከትምህርት ቤት ይመጣሉ። እኛም በየባቡር ጣቢያው ሳንቲም ጣል አድርገን አበባዋን እንወስዳለን። የሚታሰቡትን ሰዎች ግን ብዙዎቻችን አናውቃቸውም። ስለዚህ ዛሬ ስለ ጥቂቶቹ ልንገራችሁ፤ ስለ አንድ የእንግሊዝ እግረኛ ሻለቃ መኮንኖች፣ ስለ ዴቨንሽር ሬጅመንት 9ኛ ሻለቃ።

ሻለቃው በ1914 ዓ.ም. አንደኛው የዓለም ጦርነት እንደተነሳ ኤክሰተር በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ተቋቋመ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው። በማግስቱ ዓመት ፈረንሳይ ተሻገረ፣ በመስከረም ሎስ በምትባል የፈረንሳይ ከተማ ተዋጋ፣ ብዙ ሰውም እዚያው ቀረበት። ከዚያ እዚያው ሰሜን ፈረንሳይ ወዳለው ወደ ሶም ጦር ግንባር ሄደ። እኔ መናገር የምፈልገው ግን ስለ አንድ ጠዋት ነው፦ ጁላይ 1 ቀን 1916፣ በኛ አቆጣጠር ሰኔ 24 ቀን 1908፣ አገራችን ገና በልጅ ኢያሱ እጅ እያለች።

ቦታውን በዓይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱልኝ። ማሜትስ የሚባል መንደር አለ፣ ጀርመኖች ይዘውታል። ከፊት ለፊቱ ተዳፋት ላይ ማንሰል የሚባል ትንሽ ደን አለ፣ እንግሊዞቹ እዚያ ናቸው። ከደኑ ጥግ አልፎ ቁልቁል የሚወርድ ሰው ከመንደሩ በኩል ልቅም ተደርጎ ይታያል፣ መጠለያ የሚባል ነገር የለም። መንደሩ ዳር ደግሞ የመቃብር ቦታ አለ፣ በውስጡ መስቀል የቆመበት ሐውልት። ጀርመኖቹ እዚያ መትረየስ ጠምደዋል።

ሻምበል ደንከን ማርቲን ይህን አየ። ሙያው ሥዕል ነበር፣ ዓይኑ መሬት ማንበብ ለምዷል። ለእረፍት ወደ አገሩ ሲሄድ ካርታውን ይዞ ሄደና ልጆች በሚጫወቱበት ፕላስቲሲን የቦታውን ሞዴል ሠራ፤ ዳገቱን፣ ደኑን፣ ምሽጉን፣ መንደሩን፣ ሁሉንም በየቦታው። ያ መትረየስ ካልጠፋ ሰዎቹ እዚያ ጥግ ላይ ሲደርሱ እንደሚረግፉ ከሞዴሉ ላይ ታየው። ለጓደኞቹም አሳያቸው።

ከዚያ ጥቃቱ ከመጀመሩ በፊት መድፍ ሰባት ቀን ሙሉ ዘነበ። መትረየሱ ግን አልጠፋም። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ፊሽካው ተነፋ። ማርቲን ሰዎቹን ይዞ ወጣ፣ ደኑ አጠገብ ሲደርስ ወደቀ። ራሱ በጣቱ ባበጀው ተዳፋት ላይ።

ይህን ታሪክ የሰማ ሁሉ የሚያደንቀው ጀግንነቱን ነው፣ እኔም አደንቃለሁ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ሰውየው አይቶ ነበር። አይቶ ዝም አላለም፣ ዓይን ያለው ሁሉ እንዲያየው አድርጎ ሠርቶ አሳይቷል። ዕቅዱ ግን እንደነበረ ሄደ። የማርቲንን ድፍረት እያሞገስን ይህን ከዘለልነው ግማሹን ታሪክ ደበቅነው ማለት ነው።

የመቶ አለቃ ዊልያም ኖኤል ሆጅሰንም እዚያው ቀረ። ዕድሜው 23 ነበር። አባቱ ጳጳስ ነበሩ፣ እሱ ኦክስፎርድ የተማረ ልጅ። ሎስ ላይ ባሳየው ጀብዱ ሜዳሊያ ተሸልሟል። በብዕር ስም ግጥም ይጽፍ ነበር። ሊሞት ሁለት ቀን ሲቀረው አንድ ግጥሙ ለንደን ውስጥ ታተመ፤ የምሽት ፀሐይ ያረፈችበትን ኮረብታ እያነሳ፣ ለሞት ብርታት እንዲሰጠው ፈጣሪውን የሚለምንበት። በጥቃቱ ቀን የሻለቃው የቦምብ መኮንን ስለነበር ለወታደሮቹ የእጅ ቦምብ እያደረሰ ሳለ መትረየስ አገኘው።

መኮንን ስንል ከኋላ ሆኖ ጣቱን የሚቀስር ሰው የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ይህን ስሙ። በዚያ ጦርነት ከእንግሊዝ ተራ ወታደሮች ከመቶ 12 ገደማ ሞተዋል። ከመኮንኖቹ ግን 17 ገደማ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የመቶ አለቃው ቀድሞ ከምሽጉ ይወጣል፣ «ተከተሉኝ» ይላል። ጠላትም መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው። በዚያ በጁላይ 1፣ በአንድ ቀን ብቻ፣ እንግሊዞች 19,240 ሰው ሞተባቸው።

ማሜትስ በዚያው ቀን ተያዘች። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ጁላይ 4፣ የጦር ቄሱ ኧርነስት ክሮስ የወደቁትን አሰብስበው ማንሰል ደን ጫፍ ላይ፣ ወታደሮቹ ይዘውት በነበረው አሮጌ ምሽግ ውስጥ ቀበሯቸው። የእንጨት ምልክትም አቆሙ፦ «ይህን ምሽግ ዴቨንሽሮች ይዘውት ነበር፤ ዛሬም ዴቨንሽሮች ይዘውታል።» ዛሬ ይኸው ቃል በድንጋይ ተቀርጾ በሩ ላይ አለ። እዚያ 163 ሰዎች ተቀብረዋል፣ ከሁለት በስተቀር ሁሉም የ8ኛው ወይም የ9ኛው ዴቨን ናቸው። ሻምበሉም፣ ገጣሚውም፣ ከገበሬ ቤት የመጣው ተራ ወታደርም መቃብራቸው ላይ ያለው ድንጋይ ቁመቱ አንድ ነው። እንግሊዞች በዚያ ዘመን ይህን መወሰናቸው ቀላል ነገር አይደለም። ገንዘብ ያለው ቤተሰብ ለልጁ ትልቅ ሐውልት ላቁም ቢል አይፈቀድለትም ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። ሁሉም መኮንን አልሞተም፣ የተረፈም አለ፣ ያተረፈውም ወታደሩ ነው። በዚያው ወር በ20 ከእህት ሻለቃው፣ ከ8ኛው፣ የመቶ አለቃ ኤሪክ ሳቪል ቆስሎ ጠላት አፍንጫ ሥር ወደቀ። ቴዎዶር ቪል የሚባል ተራ ወታደር እየተሳበ ሄዶ ውሃ አጠጣው፣ ወደ ጉድጓድ ጎተተው፣ ተመልሶ ሰው ይዞ መጣ። ጀርመኖች ሲጠጉ ሮጦ መትረየስ አምጥቶ ሸፈነላቸው፣ መኮንኑም ወጣ። ቪል የእንግሊዝ ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳሊያ የሆነውን ቪክቶሪያ ክሮስ ተሸለመ። ሳቪል ደግሞ ከጦርነቱ በኋላ አትክልተኛ ሆነ፣ ዊንዘር ያለውን የሳቪል ጋርደን የሠራው እሱ ነው። አንዳንዶቻችን ልጆቻችንን ይዘን የሄድንበት ቦታ ነው እኮ። ማርቲንና ሆጅሰንም ቢተርፉ ምን ይሠሩ ነበር? እንደሱ ሳስብ ነው የጠፋው ነገር የሚገባኝ።

ፈረንሳይ የምትሻገሩ ካላችሁ መቃብሩ ከአልበር ወደ ፔሮን በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፣ ማሜትስ አጠገብ፣ ከመንገዱ ትንሽ ሽቅብ ይወጣል። መኪና ያለው ሰው የሌለውን ይዞ ይሂድ።

አሁን ወጣቶቹ መጥተው ስማቸውን ያነባሉ። ማዕረግ እንዳይጠሩ ነግሬያቸዋለሁ፣ ስም ብቻ። እባካችሁ እንነሳ።