«አበቃላቸው» ከማለታችን በፊት

በደብረ ማርቆስ ለተሰበሰቡ የቅርጫት ኳስ አፍቃሪዎች የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የደብረ ማርቆስ የቅርጫት ኳስ ወዳጆች፣ ከአማኑኤል፣ ከደምበጫና ከሉማሜ ድረስ የመጣችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ የተገኛችሁ ወላጆች፣ እንደምን አመሻችሁ!

ኅዳር በገባ ቁጥር የምንሰማው ወሬ አንድ ነው። የኤንቢኤ፣ የአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ ውድድር ከተጀመረ ገና ጥቂት ሳምንታት ናቸው። አንድ ቡድን በመደበኛው ውድድር ከሚያደርጋቸው 82 ጨዋታዎች አሥሩን ወይም አሥራ አምስቱን ቢጨርስ ነው። እኛ ግን ፈርደን ጨርሰናል። «ይሄ ቡድን አበቃለት።» «አሠልጣኙ ይባረር።» «ለዚህ ልጅ ነው ይህን ሁሉ ሚሊዮን የሚከፍሉት?» ካፌው፣ ዶርሙ፣ የቴሌግራም ግሩፑ፣ የባጃጅ ተራው ሳይቀር በዚህ ይሞላል።

ክርክሩን እወደዋለሁ። ዛሬ እዚህ የቆምኩት ቀንሱ ልላችሁ አይደለም። እንዲያውም እንዲበረታ ነው የምፈልገው። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፦ ቡድኑ ስንት ጊዜ ተሸነፈ ብለን አናቁም። ለምን ተሸነፈ የሚለውን እንከራከርበት።

ጎጃም የሙግት አገር ነው። አባቶቻችን ዛፍ ጥላ ሥር «በላ ልበልሃ» ተባብለው ሲሟገቱ፣ ድምፁ ስለጎላ ብቻ የሚረታ ሰው አልነበረም። ተጠየቅ ሲባል መልስ መስጠት አለበት። ምስክር ጥራ ሲባል መጥራት አለበት። የእኛም የኳስ ሙግት እንዲያ ቢሆን ደስ ይለኛል። እስቲ ምስክሮቼን ልጥራ። ዓመቶቹን የምናገረው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ ሊጉ የሚቆጥረው በዚያ ስለሆነ።

የመጀመሪያው ምስክሬ ኢንዲያና ፔሰርስ ነው። በ2024 የምሥራቅ ምድብ ፍጻሜ ደርሶ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ሁሉም ብዙ ጠበቀበት። ከዚያ 25 ጨዋታ ሲያደርግ 10 አሸንፎ በ15 ተሸነፈ። ያኔ ስለ ቡድኑ ኮከብ ስለ ታይሪስ ሃሊበርተን ያልተባለ ነገር የለም። ቀነሰ ተባለ። ከመጀመሪያውም የተጋነነ ነው ተባለ።

ሰንጠረዡን ትቶ ቡድኑን ለተመለከተ ግን ምክንያቱ ፊት ለፊት ነበር። ጄምስ ዋይዝማንና አይዛያ ጃክሰን፣ ሁለቱ ተጠባባቂ ረጃጅሞች፣ ገና ውድድሩ ሲከፈት የተረከዝ ጅማታቸው ተበጠሰ። አንድሩ ኔምባርድና አሮን ኔስሚዝ ተጎድተው ብዙ ጨዋታ አለፋቸው። እነዚህ ሁለቱ ደግሞ የተጋጣሚውን አደገኛ ተጫዋች እየተከተሉ የሚይዙ ልጆች ናቸው። እነሱ ከሌሉ ፔሰርስ ያገባል፤ ግን ያገባውን ያህል ይገባበታል።

ኔምባርድና ኔስሚዝ ሲመለሱ ቡድኑ ሌላ ሆነ። 50 አሸንፎ በ32 ተሸንፎ ጨረሰ። በሰኔ ደግሞ ለዋንጫው ፍጻሜ ቀረበ። በመደበኛው ውድድር 68 ጊዜ ያሸነፈውን ኦክላሆማ ሲቲ ተንደርን እስከ ሰባተኛውና የመጨረሻው ጨዋታ ወሰደው፤ በፍጻሜው ቀድሞ አራት ጨዋታ ያሸነፈ ነው ዋንጫውን የሚወስደው። ዋንጫው የተንደር ሆነ። ግን በኅዳር «አበቃለት» የተባለው ቡድን ለዋንጫ አንድ ጨዋታ ብቻ ነበር የቀረው።

አሁን የዚያኑ ቡድን ቀጣይ ዓመት እዩ። ሃሊበርተን በዚያ ሰባተኛ ጨዋታ የተረከዝ ጅማቱ ተበጠሰ። ክለቡ ሙሉውን የ2025–26 ውድድር እንደማይጫወት ቀደም ብሎ አሳወቀ። ለዓመታት ቀለበቱ ሥር ሲከላከል የኖረው ማይልስ ተርነር ወደ ሚልዋኪ ሄደ። ከዚያ ፔሰርስ ውድድሩን በሽንፈት ላይ ሽንፈት ጀመረ።

ልብ በሉልኝ። በሰንጠረዡ ላይ ሁለቱ አጀማመሮች ይመሳሰላሉ። ሁለቱም ሽንፈት ናቸው። በመጀመሪያው ግን የጎደሉት ልጆች በዓመቱ ውስጥ የሚመለሱ ነበሩ። በሁለተኛው የጎደለው ሰው ዓመቱን ሙሉ አይመለስም። ስለዚህ ፍርዱም አንድ ሊሆን አይችልም። በመጀመሪያው ዓመት «ታገሱ» የሚል ሰው ትክክል ነበር። በሁለተኛው «ዘንድሮ ይከብዳል» የሚል ሰው እውነቱን ነው። ቁጥሩ ይህን አይነግራችሁም። ምክንያቱ ነው የሚነግራችሁ።

ሁለተኛው ምስክሬ የ2021–22ቱ ቦስተን ሴልቲክስ ነው። አሠልጣኙ ኢሜ ኡዶካ የመጀመሪያ ዓመቱ ነበር። ጥር ወር ገብቶም ቡድኑ 18 አሸንፎ በ21 ተሸንፎ ነበር። በኒው ዮርክ ኒክስ ላይ በ25 ነጥብ እየመሩ በመጨረሻው ሰከንድ በገባ ኳስ የተሸነፉት በዚያው ሰሞን ነው። ጄይሰን ቴተምና ጄይለን ብራውን አብረው መጫወት አይችሉም፣ አንዱ ይሸጥ የሚለው ወሬ የትም ነበር።

ከዚያ በኋላ ካደረጓቸው 43 ጨዋታዎች 33ቱን አሸነፉ። እስከ ዋንጫው ፍጻሜም ሄዱ፤ እዚያ በጎልደን ስቴት 4 ለ 2 ተሸነፉ። ለሚያይ ሰው ምልክቱ ቀድሞም ነበረ። በሚሸነፉበት ጊዜም መከላከላቸው ጠንካራ ነበር። የጎደላቸው ማጥቃቱ ላይ የኳስ ቅብብልና የጨዋታ መጨረሻ ላይ እርጋታ ነው። እኔ የሚሸነፍ ቡድን ሳይ መጀመሪያ የማየው ለዚህ ነው መከላከሉን። ተጋጣሚው ቀለበቱ ሥር እንደልቡ ይገባል? ኳስ ሲነጠቁ አምስቱም ወደኋላ ይሮጣሉ ወይስ ሁለቱ ቆመው ከዳኛ ጋር ይከራከራሉ? መከላከሉ ካለ፣ ማጥቃቱ በጊዜ ሊስተካከል ይችላል። መከላከሉ ከሌለ ግን እኔም አብሬያችሁ እሰጋለሁ።

ክሊቭላንድንም ላንሳው፣ በአጭሩ። ሌብሮን ጄምስ ወደዚህ የቀድሞ ክለቡ በተመለሰበት ዓመት፣ በ2014–15፣ 19 አሸንፎ በ20 ተሸንፎ ነበር። ሌብሮን በጉዳት አርፎ ተመለሰ፤ በጥር ሦስት ተጫዋቾች በዝውውር መጡ። ቡድኑ 53 አሸንፎ ጨረሰ፣ ለፍጻሜም ደረሰ።

ስለ ባለሦስት ነጥብም አንድ ስሌት ላሳያችሁ፤ እዚህ ላይ ነው ብዙ የምንሳሳተው። በአሁኑ ሊግ አንድ ቡድን በአንድ ጨዋታ ወደ 37 ያህል የሦስት ነጥብ ሙከራ ያደርጋል። ከመቶው 36 ያህሉ ይገባል። አሁን ለአሥር ጨዋታ ከመቶ 32 ብቻ የገባለት ቡድን አስቡ። ልዩነቱ በጨዋታ አንድ ወይም ሁለት ኳስ ነው። በነጥብ ሲሰላ ግን በየጨዋታው ከአራት በላይ ይሆናል። በዚህ ሊግ አራት ነጥብ ማለት በጥሩ ቡድንና በመካከለኛ ቡድን መካከል ያለው ርቀት ነው። ስንት ጨዋታ በሦስትና በአራት ነጥብ እንደሚያልቅ ታውቃላችሁ። ተጫዋቾቹ ነፃ ሆነው ወርውረው ኳሱ ጠርዝ እየመታ ከወጣ፣ በታኅሣሥና በጥር መግባት ይጀምራል። ነፃ ቦታ ማግኘት ካቃታቸው ግን ችግሩ ሌላ ነው። ሁለቱም በውጤት መዝገቡ ላይ «32 በመቶ» ተብለው ነው የሚጻፉት።

ይህን ሁሉ ስል ማንም ተሸናፊ ቡድን በመጨረሻ ይነሳል ማለቴ አይደለም። እንዲህ ብዬ ብሸነግላችሁ ነውር ነው። ዴትሮይት ፒስተንስ በ2023–24 ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ጨዋታዎች ሁለቱን አሸነፈ። ደጋፊው ደስ አለው። ከዚያ በተከታታይ 28 ጊዜ ተሸነፈ። ዓመቱን 14 አሸንፎ በ68 ተሸንፎ ዘጋው። ጥሩ ጅማሬም ያታልላል ማለት ነው። ፊላደልፊያ ደግሞ በ2024–25 ጆኤል ኤምቢድን፣ ታይሪስ ማክሲንና አዲስ የመጣውን ፖል ጆርጅን ይዞ 3 አሸንፎ በ14 ተሸንፎ ጀመረ። ብዙ ሰው «ኤምቢድ ሲመለስ ይነሳል» አለ። ኤምቢድ ጉልበቱ እያስቸገረው ዓመቱን ሙሉ 19 ጨዋታ ብቻ ተጫወተ። ቡድኑ በ58 ተሸነፈ። እዚያ ትዕግሥት አልጠቀመም፤ የሚጠበቀው ጉልበት አልዳነማ።

የፒስተንስ ታሪክ ግን እዚያ አላቆመም። በቀጣዩ ዓመት በአዲስ አሠልጣኝ፣ በኬድ ኪኒንግሃም መሪነት፣ ከ14 ድል ወደ 44 ወጣ። ወጣት ቡድን ሲሸነፍ እያደገ ሊሆን ይችላል። አንጋፋ ቡድን ሲሸነፍ እያረጀ ሊሆን ይችላል። የዕድሜውን ነገር ሳንጠይቅ ሁለቱን በአንድ ቃል መስደብ ፍትሕ አይደለም።

ስለ አሠልጣኝ ማባረርም እንዲሁ ነው። በ2012 ሎስ አንጀለስ ሌከርስ ኮቢ ብራያንትን፣ ስቲቭ ናሽን፣ ድዋይት ሃዋርድንና ፓው ጋሶልን አንድ ላይ አሰለፈ። ገና ከአምስት ጨዋታ በኋላ፣ 1 አሸንፎ በ4 ሲሸነፍ፣ ማይክ ብራውን ተባረረ። ናሽ እግሩን ተጎድቶ ነበር፤ ሃዋርድ ከወገብ ቀዶ ሕክምና ገና መመለሱ ነበር። አሠልጣኙ ሄደ፣ ጉዳቱ ግን ቀረ። 45 አሸንፈው ፕሌይኦፍ፣ ማለትም ከመደበኛው ውድድር በኋላ ያለው የጥሎ ማለፍ ውድድር ገቡ፣ በመጀመሪያው ዙር በሳን አንቶኒዮ 4 ለ 0 ወጡ።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ፤ ይህ ክፍል ነው በጣም የሚያሳስበኝ። እኛ ከደብረ ማርቆስ ሆነን ይህን ሊግ የምናየው እንዴት ነው? ኒው ዮርክ ከምሽቱ 1 ሰዓት የሚጀመር ጨዋታ በዚህ ወቅት እኛ ዘንድ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ሎስ አንጀለስ ምሽት 1 ሰዓት ሲሆን እኛ ንጋት 12 ሰዓት ነው። ተማሪው ክፍል አለው፣ ሠራተኛው ሥራ አለው። ዳታውም ውድ ነው። ስለዚህ ጠዋት ተነስተን ውጤቱን እናያለን፣ ከዚያ የአሥር ደቂቃ ሃይላይት። በዚያች አሥር ደቂቃ ላይ ነው ቀኑን ሙሉ የምንፈርደው።

ሃይላይት የገባውን ኳስ ነው የሚያሳየው። ሁለት ሰው መንገዱን ሲዘጋበት ታግሎ አልፎ የሚይዘው ሰው ላይ የደረሰውን ተከላካይ አያሳይም። ሪባውንድ፣ ሳይገባ የተመለሰው ኳስ፣ እንዳይወሰድ ጀርባውን ሰጥቶ ተጋጣሚውን የገፋውን ልጅ አያሳይም። ዘሎ ኳሱን በእጁ ቀለበቱ ውስጥ የከተተው፣ ደንክ ያደረገው፣ ይታያል፤ መንገዱን የከፈተለት አይታይም። ከዚያ «እከሌ ምንም አልሠራም» እንላለን። የሠራው ነገር ተቆርጦ ስለቀረ ነው።

ስለዚህ ተግባራዊ ነገር ልጠይቃችሁ። የምትደግፉትን ቡድን በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ካልቻላችሁም በወር አንድ ጊዜ፣ ሙሉ ጨዋታ እዩት። እሑድ በአሜሪካ ከሰዓት በኋላ የሚጀመሩ ጨዋታዎች አሉ፤ እኛ ዘንድ ከእኩለ ሌሊት በፊት ይጀምራሉ። ተሰብስበን በአንድ ስክሪን ብናየው ወጪውም ይቀላል። አንድ ሩብ ያህል ኳሱን ትታችሁ ኳስ ያልያዙትን አራቱን ብቻ ተመልከቱ። በማግስቱ ክርክራችሁ ሌላ ይሆናል።

ወጣቶች፣ ስለ ቤቲንግም ልናገር፤ በዝምታ ማለፍ አልችልም። በዚህ ወቅት የሚቆረጠው ትኬት አብዛኛው የቆመው በአምናው ስም ነው። «ይሄማ ትልቅ ቡድን ነው፣ ዛሬ ይመታል» ይባላል። ትልቁ ቡድን ግን ትናንት ማታ ሌላ ከተማ ተጫውቶ፣ ሌሊቱን በአውሮፕላን ተጉዞ፣ ኮከቡን አሳርፎ ሊሰለፍ ይችላል። አወራራጁ ድርጅት ይህን ያውቃል፤ ትኬት ቆራጩ ልጅ አያውቅም። የቤት ኪራዩን፣ የካፌ ብሩን በዚህ ያጣ ልጅ አይቻለሁ። ያማል። እባካችሁ ቡድናችሁን በክርክር ደግፉት፣ በትኬት አይሁን።

ሌላው፣ እርስ በርስ ሙድ መያያዝ ጥሩ ነው፣ የደጋፊነት ቅመም ነው። ግን ተጫዋቹን በጉዳቱ መስደብ፣ እናቱን ማንሳት፣ የተሸነፈ ቡድን ደጋፊን ከግሩፕ እስኪወጣ ማዋከብ የእኛ ወግ አይደለም። አንዳንድ ልጆች በዚህ ምክንያት ማውራት ትተዋል። እነሱ ሲቀሩ ጥሩ ተከራካሪ ነው የምናጣው።

ወላጆችም እዚህ ስላላችሁ ይህን ልጨምር። በየትምህርት ቤቱ ሲሚንቶ ሜዳ ላይ ማታ ማታ የሚጫወቱ ልጆቻችን እኛ ስናወራ ይሰማሉ። ስለ ኤንቢኤ የምንናገረውን ነገ በራሳቸው ቡድን ላይ ይሉታል። ሁለት ጨዋታ ሲሸነፉ አንዱን ልጅ «አንተ ነህ የጣልከን» ብለው ያስወጡታል። በዓመቱ መጀመሪያ ኳስ መያዝ ያልቻለ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ በግንቦት ምን እንደሚሆን ማን ያውቃል? ከእኛ የሚሰሙት «ለምን ተሸነፍን?» የሚለው ጥያቄ ከሆነ ወደ ልምምድ ይመለሳሉ። «ማነው ጥፋተኛው?» ከሆነ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ።

እንግዲህ ብዙ ተናገርኩ፤ ክርክሩ የእናንተ ነው። ጥያቄው ይኸው፦ ዘንድሮ በሽንፈት ከጀመሩት ቡድኖች ውስጥ ሚያዝያ ላይ ፕሌይኦፍ የሚገባው የትኛው ነው? የትኛውስ አይነሳም? ተናጋሪው ሦስት ነገር ይንገረን። ማን ተጎድቷል፣ መቼስ ይመለሳል? መከላከሉ እንዴት ነው? ኳሱ ከነፃ ቦታ ነው የሚሳተው ወይስ ነፃ ቦታ ጠፍቶ ነው? ይህን ከመለሰ በኋላ የፈለገውን ይፍረድ፣ እኛም እንሞግተዋለን። ማይኩን ከኋላ ወንበር ላሉት እንስጥ፤ እህቶች ቅድሚያ አላችሁ። አመሰግናለሁ።