እትዬና የነጋ ልጅ

እየቀዳ ነው? እየቀዳ ነው። ፕሮዲዩሰር ነኝ ባዩ ዛሬ የለም። የልብስ ማጠቢያው ድምፅ ከገባ ቻሉት።

ስለ ተዋናይዋ ሩት ነጋ ላወራ ነው። ወይ ስለ እትዬ... እንጃ። እትዬን ታውቋቸዋላችሁ። ባለፈው ያወራሁትን የሽንብራ ጉድ የሰማ ሁሉ ያውቃቸዋል።

እሑድ እኔ ቤት ነበሩ። ቡና አፈላሁና "ላቪንግ"ን ከፈትኩ። በፈረንጆቹ የ2016 ፊልም ነው። ሩት ሚልድረድ ላቪንግን ሆና ነው የምትጫወተው። እሷ ጥቁር ናት፣ ባሏ ነጭ ነው። ቨርጂኒያ እንዲህ ያለውን ጋብቻ ስለማይፈቅድ በ1958 ዋሽንግተን ሄደው ይጋባሉ። ከዚያ አገራቸው ገብተው በተኙበት፣ ሸሪፉ በውድቅት ሌሊት ባትሪውን እያበራ መኝታ ቤት ይገባል። የጋብቻ ወረቀታቸው እኮ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል! በኋላ ዳኛው ለ25 ዓመት አብራችሁ እዚህ እንዳትደርሱ ብሎ አባረራቸው።

እትዬ ዞረው አዩኝ። "ይሄ የኛው ቨርጂኒያ ነው?"

የኛው ነው እትዬ። ከዚህ ካለንበት ከአሌክሳንድሪያ በመኪና ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው።

"ልጅቷስ የማን ናት?"

የነጋ።

"የትኛው ነጋ?"

ሳቄ መጣ። የማውቀውን ነገርኳቸው። አዲስ አበባ ነው የተወለደችው፣ አባቷ ሐኪም፣ እናቷ የአየርላንድ ነርስ። በ4 ዓመቷ ከእናቷ ጋር ወደ አየርላንድ ሄደች። አባቷ ሳይከተሏቸው፣ እሷ 7 ዓመቷ እያለ፣ በመኪና አደጋ ሞቱ። እትዬ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። ሰውየው ከሞቱ ከ30 ዓመት በላይ ሆኗል፣ እሳቸው ግን ዛሬ የተረዱ ነው የሚመስሉት።

እና የስልኩ ቦታ መጣ። ጉዳያቸውን ፍርድ ቤት የያዘላቸው ጠበቃ ይደውላል። ሩት ስልኩን ይዛ ትሰማለች። በቃ፣ ይኸው ነው። አታለቅስም፣ አትጮህም። ዓይኗ ብቻ ትንሽ... እንዴት ልበላችሁ፣ ውሃ ሊፈላ ሲል ከስር እንደሚንቀሳቀሰው። ያቺው ልጅ እኮ ናት፣ በዚያው ዓመት "ፕሪቸር" የሚባለው ተከታታይ ድራማ ላይ ከልጆች ጋር ጣሳ ሰብስባ ባዙቃ የሠራችው! አራት ሲዝን ሙሉ ስትደባደብ ነው የከረመችው። በ2018 ደግሞ ደብሊን መድረክ ላይ ሐምሌትን ሆነች። ልዑሉን! በ"ላቪንግ" ለኦስካር ታጭታ ነበር፣ ግን ለኤማ ስቶን ሰጡት። እኔ እስካሁን አልተዋጠልኝም፣ ግን እሱን ዛሬ አንጀምረው።

ወደ እትዬ ልመለስ። ስልኩ ሲዘጋ፣ "ዝምታዋን አየሽ? የኛ ነው" አሉ።

እኔ አፌ መቼ ያርፋል። "እትዬ፣ በ4 ዓመቷ እኮ ነው የወጣችው። ትወና ነው። ትሪኒቲ ኮሌጅ ተምራው ነው።"

አላዩኝም። ቴሌቪዥኑን እያዩ፣ "አንቺ በስንት ዓመትሽ ነበር የመጣሽው?" አሉ።

"በስድስት።"

"እህ።"

በቃ። "እህ" ብቻ። በረካውንም ሳይጠጡ ተነሱ። በረካ ጥለው ሲሄዱ አይቼ አላውቅም።

ያቺ "እህ" አልወጣችልኝም። አንቺስ ማን ሆነሽ ነው ማለታቸው ነው? ወይስ በተቃራኒው፣ አንቺ የኛ ከሆንሽ እሷም ናት? የሁለት ዓመት ልዩነት ምን ያህል ነው? ሁለት ዓመት እኮ... ፊደል መቁጠር ነው፣ ሰፈር ነው፣ ብዙ ነው። ወይ ምንም አይደለም። ምናልባት አውቶቡስ እንዳያመልጣቸው ነው የተነሱት። እሑድ አውቶቡሱ ይቆያል።

የሚያሳፍረው ደግሞ ምን መሰላችሁ? በ2017፣ የኦስካሩ ምሽት፣ ፎቶዋን ለጥፌያለሁ። ቀይ ቀሚስ ለብሳ፣ ሰማያዊ ሪባን አድርጋ። የላቪንጎችን ጉዳይ ፍርድ ቤት ለወሰደው ድርጅት ድጋፍ ነው ሪባኑ። ከስሩ ምን ብዬ ጻፍኩ? "የኛ ልጅ!" ከነባንዲራው። ያኔ በስንት ዓመቷ እንደወጣች አልጠየቅኩም።

ትናንት ደወልኩላቸው። ልጠይቃቸው ነበር፣ እውነቴን ነው። አንስተው "ሽንብራው ደረሰሽ?" አሉ። ሃያ ደቂቃ ስለ ሽንብራ አወራን። ልዘጋው ስል፣ "ያቺ የነጋ ልጅ ሌላ ፊልም አላት?" አሉኝ። "ፓሲንግ" የሚባል አለ አልኳቸው። ጥቁር ሆና ነጭ መስላ የምትኖር ሴት ናት እዚያ ላይ። እና ዝም አሉ። እኔም ዝም...

ማጠቢያው ቆመ መሰለኝ። ቆዩ፣ ልየው።