የእናቴ እንዝርትና የሸማኔው ጉድጓድ

የተከበራችሁ የጥልፍ ሠሪዎች ማኅበራችን አባላት፣ እናቶቼ፣ እህቶቼ፣ ዛሬ አብራችሁን የተገኛችሁ ወንድሞቼም፣ እንደምን አደራችሁ? ከአዘዞ፣ ከማራኪ፣ ከአዲስ ዓለም፣ ከወለቃ የመጣችሁ ሁሉ እንኳን ደህና መጣችሁ። ልጅ አዝላችሁ የመጣችሁም እንኳን ደህና መጣችሁ። ልጁ ቢያለቅስ አትደንግጡ፣ ተነሥታችሁም አትውጡ። እኔ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ።

ጥምቀት አልፏል። የጥር ሰርግም አልቋል። ጉባኤያችንን የካቲት ላይ የምናደርገው ለዚህ ነው። ታኅሣሥ ላይ ብንጠራችሁ ማን ይመጣ ነበር? «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባላል። ይህን የተናገረ ሰው ጠላፊ እንዳልነበረ እርግጠኛ ነኝ። ቀሚሱ ለጥምቀት እንዲደርስ ሌሊቱን ስንት ጊዜ እንዳጋመስነው እኛ እናውቃለን። ጥር 10 ማታ ቀሚሱን ተረክባ፣ በነጋታው ፋሲል መዋኛ ላይ ሆ ስትል ያየኋት አንዲት ደንበኛዬ ነበረች። እኔ ያኔ ገና ዐይኔን እያሸሁ ነበር።

የሥራና የሒሳብ ሪፖርቱን ጸሐፊያችንና ገንዘብ ያዣችን ያቀርቡታል፣ እኔ አልደግመውም። የእኔ ወሬ ሌላ ነው። ዓመቱን ሙሉ ከእናንተ የሰማሁት ጥያቄ ነው። አንዷ «እትዬ፣ ቤቱን ልያዝ ወይስ ጥልፉን?» አለችኝ። ሌላዋ «ባለቤቴ ተቀምጠሽ ነው የምትውይው ይለኛል» አለች። አንዲት ወጣት አባላችን ደግሞ ልጅ ከወለደች ወዲህ አንድ ቀሚስ እንኳ እንዳልጨረሰች ነግራኝ ስልክ ላይ አለቀሰች። ለእሷ ያኔ የረባ መልስ አልሰጠኋትም። «አይዞሽ» ብዬ ዘጋሁት። ዛሬ የምናገረው በከፊል ለእሷ ነው።

እናቴ ፈታይ ነበረች። ጥጡን ከቅዳሜ ገበያ ታመጣለች። ፍሬውን ድንጋይ ላይ በመዳመጫ ብረት እያንከባለለች ታወጣዋለች። በደጋን ትነድፈዋለች። ባዘቶው ቤቱን ሁሉ ያለብሰዋል፣ እኛ ልጆቿ እናስነጥሳለን። ከዚያ እንዝርቷን ይዛ ትቀመጣለች። ቀኝ እጇ እንዝርቱን ጭኗ ላይ ፈተግ አድርጎ ይለቀዋል። ግራ እጇ ጥጡን ይዞ ወደ ላይ ይሄዳል። ክሩ ከጣቶቿ መሐል ይወጣል። ዐይኗ ግን እንዝርቱ ላይ አይደለም፣ ድስቱ ላይ ነው። ወጡ ሲንተከተክ ክሩን እንዝርቱ ጫፍ ላይ ትሸመቅቀዋለች፣ ሙዳዩ ውስጥ ጣል ታደርገዋለች፣ ትነሣለች። አማስላ ስትመለስ ካቆመችበት ትቀጥላለች። ምንም የተበላሸ ነገር የለም። ልጅ ሲነሣም እንዲሁ። ጎረቤት ለቡና ስትጠራትም እንዝርቷን ይዛ ትሄዳለች። እንዝርት የማትነካው እሑድና በዓል ቀን ብቻ ነው። በአርባ አራቱ ታቦት አገር ደግሞ በዓሉ ጥቂት አልነበረም!

ከቤታችን ዝቅ ብሎ አንድ ሸማኔ ነበሩ። ጋሼ እንላቸው ነበር። የእናቴን ልቃቂት ይዤ የምሄድላቸው እኔ ነበርኩ። ወለሉ ላይ ጉድጓድ ቆፍረው፣ እግራቸውን እዚያ ከተው፣ በእግራቸው እየረገጡ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይሰዱታል። በር ላይ ቆሜ አያቸዋለሁ። አንድ ነገር ያኔ ይገርመኝ ነበር። ጋሼን ማንም «እስቲ ያን ድስት አማስልልኝ» አይላቸውም። «ልጁን ያዝልኝ» አይላቸውም። እግራቸው ጉድጓድ ውስጥ ነዋ! ምሳቸው ራሱ እዚያው ድረስ ይመጣላቸዋል።

እናቴ ጉድጓድ አልነበራትም። ሥራዋ ቦታ ስለሌለው የትም ይሠራል። ቦታ ስለሌለው ደግሞ ማንም መጥቶ ያቋርጠዋል።

ነገሩ ሌላም መልክ አለው። ሸማኔው በአገራችን ይሰደብ ነበር። «ቁጢት በጣሽ» ይባል ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። ፈታይዋን ግን ማን ሰደባት? ማንም። አዋጅም አላስፈለጋትም። ሥራዋ ሥራ ተብሎ አልተቆጠረማ። እናቴ «ምን ትሠሪያለሽ?» ስትባል «ምንም፣ ቤት ነኝ» ነበር መልሷ። የአባቴ ጋቢ፣ የእኛ ነጠላ፣ የአያቴ ቡልኮ፣ የሁሉም ፈትል ከእጇ የወጣ ነው። «ምንም፣ ቤት ነኝ» ትላለች።

እኛስ? ጥልፍ እንደ እንዝርት ነው ወይስ እንደ ሸማኔው ጉድጓድ? እኔ ብዙ ዓመት ሠርቼ የደረስኩበት፣ ሁለቱም እንደሆነ ነው። አንድ ቀሚስ ውስጥ የእንዝርት ሥራ አለ፣ የጉድጓድ ሥራም አለ። ቅጠሉን መሙላት፣ ሐረጉን በሰንሰለት ስፌት መከተል፣ ጠርዙን መያዝ የእንዝርት ሥራ ነው። ቡና እየተቆላ ይሠራል፣ ልጅ የቤት ሥራውን ሲሠራ አጠገቡ ተቀምጦ ይሠራል። ንድፉን መሣል፣ ቀለም ከቀለም ማጋባት፣ መስቀሉን ከደረቱ መሐል ለማሳረፍ ክር መቁጠር ግን የጉድጓድ ሥራ ነው። አርባ ስድስት፣ አርባ ሰባት እያልሽ «እማ፣ ደብተሬ የት አለ?» ከተባልሽ አለቀ። እንደገና ከአንድ።

ብዙዎቻችን የምንደክመው ሁለቱን ስለምንቀላቅል ይመስለኛል። ቤቱ ጸጥ ያለባትን አንዷን ሰዓት ቅጠል ስንሞላባት እናሳልፋታለን። ከዚያ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ቆጠራ እንጀምራለን። ከዚያ ልጆቹን እንቆጣለን። ልጆቹ ምን አጠፉ?

የእንዝርቱን ሥራ በተመለከተ አንዲት ትንሽ ዘዴ አለችኝ። ስጠራ ወዲያው አልነሣም፣ የጀመርኳትን ቅጠል እጨርሳለሁ። ከዚያ መርፌዋን የሚቀጥለው ቅጠል መነሻ ላይ እሰካታለሁ። ተመልሼ ስመጣ «የት ነበርኩ?» የለም። መርፌዋ ትነግረኛለች። ግማሽ ቅጠል ላይ ያቆምኩ ቀን ግን የክሩ ውጥረት ይለያል፣ ከሩቅ ያስታውቃል። እባካችሁ መርፌ ሶፋ ላይ አትሰኩ። ይህን የምለው ለምን እንደሆነ ባለቤቴን ጠይቁት።

የጉድጓዱን ነገር ግን በኪሳራ ነው የተማርኩት። የሰርግ ቀሚስ ይዤ ነበር። ሙሽራዋ የምትወስደው በአራተኛው ቀን ነው። የቀረኝ የደረቱ ጥልፍ ነው። የዚያን ቀን ውሃ መጣ። ውሃ በቀጠሮ በሚመጣበት ሰፈር ውሃ የመጣ ቀን መርፌ እንደማይያዝ ታውቃላችሁ። ጀሪካኑ፣ በርሜሉ፣ ልብሱ፣ ሁሉም ያን ቀን ይፈልግሻል። እኔ ግን ሁሉንም ላድርግ አልኩ። ጀሪካን እሞላለሁ፣ አልጫ ጥጃለሁ፣ በመሐል በመሐል ቀሚሱን አነሣለሁ። አውራ ጣቴ ላይ እርድ እንዳለ አላየሁም። ከደረቱ መሐል፣ ልክ ከመስቀሉ በታች፣ የአውራ ጣቴ አሻራ ቢጫ ሆኖ ቁጭ አለ።

ደንግጬ በሳሙና አሸሁት። ቢጫው ቀይ ሆነ! እርድ ሳሙና ሲነካው እንደሚቀላ ያኔ አላውቅም ነበር። ረጋ ብል ኖሮ አለቅልቄ ፀሐይ ላይ አሰጣው ነበር፣ እርድ ፀሐይ አይወድም፣ ቀስ እያለ ይለቃል። ግን አራት ቀን ነበር የቀረኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ሸማውን በራሴ ገንዘብ ገዛሁ፣ ሦስት ሌሊት እንደ ነገሩ ተኝቼ ከሥር ጀምሬ ጠለፍኩት። የሙሽራዋ እናት ምንም አላወቁም። እኔ ግን የዚያን ወር የቤት አስቤዛ በብድር ነው የገዛሁት።

ከዚያ ወዲህ ድስት በተጣደበት ሰዓት ነጭ አልነካም። ክር እጠቀልላለሁ፣ ቀለም እለያለሁ፣ አለቀ።

ጉድጓዴንም ያን ጊዜ ነው የቆፈርኩት። መስኮት አጠገብ አንዲት በርጩማና አንድ ሣጥን ናት። ልጆቹ ትምህርት ቤት ከሄዱ በኋላ ጠዋት ለሁለት ሰዓት ያህል ብቻ፣ መብራት ኖረ አልኖረ፣ በቀን ብርሃን። በሩ ላይ ነጠላ እሰቅላለሁ። ነጠላው ከተሰቀለ አልጠራም። መጀመሪያ ሳምንት ትምህርት ያልነበረ ቀን ትንሹ ልጄ ነጠላውን ገልጦ ገባና «እማ፣ ልጠራሽ አይደለም፣ ልነግርሽ ብቻ ነው» አለኝ። ጊዜ ወስዷል።

ባለቤቴን ያሳመነው ግን ነጠላው አልነበረም። አንድ ቀሚስ ስጀምር ከልጄ ደብተር ጀርባ ላይ ሰዓት መጻፍ ጀመርኩ። ዛሬ ሁለት ሰዓት፣ ነገ አንድ ሰዓት ተኩል፣ እንዲህ እንዲህ እያልኩ። ሲያልቅ ደመርኩት፤ 61 ሰዓት ሆነ። ወረቀቱን ሰጠሁትና «በአንተ የቀን ደመወዝ አስላው» አልኩት። አሰላ። ዝም አለ። እንደገና አሰላ። «ተቀምጠሽ ነው የምትውይው» የምትባል ቃል ከዚያ ወዲህ ቤታችን ተሰምታ አታውቅም። የሚገርመው የቀሚሱን ዋጋ ሳወዳድር የራሴም ዐይን መገለጡ ነው። ለካ የከሰርኩት እርድ የነካው ቀሚስ ላይ ብቻ አልነበረም። ሁዳዴ ሲገባ ትእዛዝ ይቀንሳል። ሁላችሁም በዚያ ጊዜ አንድ ቀሚስ በሰዓት ጽፋችሁ እንድትሞክሩት እለምናለሁ። ከፋሲካ በኋላ ወረቀቱን አምጡልኝ፣ የማኅበሩን ዋጋ በእሱ እናወጣለን።

አንዳንዶቻችሁ «ይህ የቤት ሴት የእጅ ሥራ ነው፣ ምኑ ተሰላ?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ሎንዶን፣ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ የዐፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ ቀሚስ አለ። በ1868 እ.ኤ.አ. እንግሊዞች መቅደላን ከዘረፉ በኋላ የተወሰደ ነው። ጥጥ ላይ በሐር ክር የተጠለፈ። ብሪቲሽ ሙዚየም ደግሞ ቁመቱ ከአምስት ሜትር በላይ የሆነ፣ የጎንደር ነገሥታት ዘመን የሐር መጋረጃ አለ። እሱም ከመቅደላ ነው የሄደው። የቀሚሱን ፎቶ ስልኬ ላይ እያሰፋሁ አየዋለሁ። ንግሥትነቱ አይደለም የሚታየኝ፣ ስፌቱ ነው። እኛ የምናውቀው ስፌት ነው። እግረ መንገዴን፣ «የውጭ ክር ከገባበት የእኛ አይደለም» ለምትሉኝ፣ ያ ሁሉ ሐርም ከባሕር ማዶ የመጣ ነበር።

አሁን ወደ ሥራ። ሥራ አስፈጻሚው ዛሬ የሚያቀርብላችሁ አንድ ሐሳብ አለ። ገበሬው ወንፈል አለው፣ ዛሬ የእኔን፣ ነገ የአንተን እያለ ያርሳል። እኛ የልጅ ወንፈል ብናደርግስ? በየሰፈሩ አራት አራት እናቶች፣ በሳምንት አንድ ግማሽ ቀን፣ አንዷ የአራቱንም ልጆች ትይዛለች፣ ሦስቱ ጉድጓዳቸው ውስጥ ይገባሉ። በአራት ሳምንት አንዴ ነው ተራ የሚደርሳችሁ። ልጆቻችን ያደጉልን እኛም እንገባበታለን፣ አያት ይጠቅማል። ልጅ ቢወድቅ ማን ይጠየቃል፣ መክሰስ ከየት ይመጣል፣ ይህን ሁሉ ተከራከሩበት። እኔ ራሴ ሁሉንም አልመለስኩትም። በማሽን የታተመው ርካሽ ጥለት ገበያችንን ስላደረገው ነገር ከሰዓት በኋላ ውይይት አለ፣ ንዴታችሁን ለዚያ አቆዩት።

ጉባኤውን ከፍቻለሁ። ቡናው ደርሷል፣ ድፎውም እየተቆረሰ ነው።

አንድ ማስታወቂያ ቀርቶኛል። ጠዋት ወንበር ስናስተካክል ሁለተኛው ረድፍ ላይ ቀይ ክር የገባባት መርፌ ተሰክታ አግኝተናል። አንዷ በጊዜ መጥታ እዚህም ስትጠልፍ ነበር ማለት ነው። ባለቤቷ ከጸሐፊያችን ትውሰድ። ወይዘሮ ገንዘብ ያዣችን፣ መድረኩ የእርስዎ ነው።