የመውደቂያ ማማ፦ መውደቁ ቀላል ነው፣ ማቆሙ ግን እንዴት?

[ምስል፦ ከታች ወደ ላይ የሚታይ ረጅም ማማ፤ ዙሪያውን የተደረደሩ ወንበሮች ቀስ እያሉ ይወጣሉ]

እግርዎ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ከትከሻዎ የወረደው መያዣ ብረት ደረትዎን ተጭኖታል፤ ከሥርዎ የቆመው ሰው እያነሰ፣ እያነሰ ሄዶ ጉንዳን መስሏል። ወንበሩ ጫፍ ሲደርስ ለጥቂት ሰከንድ ቀጥ ይላል። ከዚያ ከራስዎ በላይ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማል።

በዚህ ቪዲዮ በመዝናኛ ፓርኮች የሚገኙት የመውደቂያ ማማዎች እንዴት እንደሚሠሩ እንመለከታለን። መውደቁ የትኛውንም መሐንዲስ እንቅልፍ አይነሳም፤ ሥራውን የመሬት ስበት ያለ ክፍያ ይሠራዋል። ብልሃቱ ያለው፣ በሰዓት ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ የሚምዘገዘግን በሰው የተሞላ ወንበር ማንንም ሳይጎዱ ማቆሙ ላይ ነው።

[ምስል፦ የማማው ውስጣዊ ንድፍ፤ ገመድ፣ ተሸካሚና መንጠቆ]

በብዙዎቹ ማማዎች ወንበሮቹ የተገጠሙበት ክፍል በራሱ አቅም አይወጣም። ከላዩ፣ በብረት ገመድ የሚጎተት ሌላ ተሸካሚ አለ፤ ይህ ተሸካሚ ወንበሮቹን በመንጠቆ ጨብጦ ሽቅብ ይወስዳቸዋል። የሰማነው «ቀጭታ» መንጠቆው ሲከፈት የሚወጣ ነው። ወንበሮቹ ብቻቸውን ሲወርዱ ገመዱና ተሸካሚው እላይ ይቀራሉ፤ ስለዚህ «እየወደቅን ሳለ ገመዱ ቢበጠስስ?» ብሎ የሚሰጋ ሰው፣ በዚያች ቅጽበት ከገመድ ጋር ጨርሶ እንዳልተያያዘ ቢያውቅ ሊገርመው ይችላል። ይህ ሲባል ግን ገመድ አያሳስብም ማለት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ ኬንታኪ ግዛት በሚገኝ አንድ ማማ ላይ ገመድ ተበጥሶ አንዲት ታዳጊ እግሮቿ ላይ እጅግ ከባድ ጉዳት ደርሶባታል። በገመድ ፈንታ የታመቀ አየር የሚጠቀሙ፣ ተሳፋሪውን ከታች ወደ ላይ የሚያስፈነጥሩ ማማዎችም አሉ፤ የዛሬው ጉዳያችን ግን ከላይ የሚለቁት ናቸው።

[ምስል፦ በማማው ጎን የሜትር መለኪያ፤ በየሰከንዱ ምልክት ይደረጋል]

ወንበሩ በተለቀቀ በመጀመሪያው ሰከንድ የሚወርደው 5 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በሁለተኛው 15 ሜትር፣ በሦስተኛው ደግሞ 25 ሜትር ያህል ይጨምራል። ሦስት ሰከንድ ሲሞላ 45 ሜትር ወርዶ፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 30 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 108 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ተሳፋሪው ቀጭንም ይሁን ወፍራም ስሌቱ አይለወጥም፤ የአየሩን ግፊት ትተን ካየነው ክብደት የመውደቂያን ፍጥነት አይወስንም።

በዚህ ጊዜ ሆድዎ ወደ ላይ የተሳበ ይመስልዎታል እንጂ የሚስበው ነገር የለም። እንደተለመደው ተቀምጠን ሳለን ወንበሩ እኛን ወደ ላይ ይደግፈናል፣ የሰውነታችን ክፍሎችም አንዱ በሌላው ላይ ያርፋሉ፤ ወንበሩ ከእኛ እኩል ሲወድቅ ግን ያ ድጋፍ በአንድ አፍታ ይጠፋል። በመዳፍዎ ሳንቲም ይዘው ቢሆን ኖሮና መዳፍዎን ቢከፍቱ፣ ሳንቲሙ ፊትዎ ላይ ተንሳፍፎ አብሮዎት ሲወርድ ባዩት ነበር። (አይሞክሩት፤ ወንበሩ ፍሬን ሲይዝ ሳንቲሙ አይይዝም።) ሳይንቲስቶች ይህንኑ ክብደት አልባነት ለምርምር ይፈልጉታል። በጀርመን ብሬመን ከተማ በሚገኘው 146 ሜትር ከፍታ ባለው የምርምር ማማ ውስጥ፣ አየሩ በተመጠጠበት ቱቦ የሚለቀቅ የሙከራ ዕቃ 110 ሜትር ያህል ወርዶ 4.74 ሰከንድ ክብደት አልባ ሆኖ ይቆያል። ለዚያች ከ5 ሰከንድ ላነሰች ጊዜ ሲባል ያን የሚያህል ሕንጻ መቆሙ ራሱ የሚደንቅ ነው።

[ምስል፦ የትከሻ መያዣው በቅርብ፤ የመቆለፊያው ጥርስና ሴንሰሩ]

ወንበሩ ስለማይደግፍ፣ እየወደቀ ያለን ሰው በቦታው የሚያቆየው ያ የትከሻ መያዣ ነው። በመሆኑም ቁልፉ ከአንድ በላይ ይደረጋል፤ መያዣው በበቂ ሁኔታ ካልወረደም ሴንሰሩ ማሽኑ እንዳይነሳ ይከለክላል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022 በአሜሪካ ኦርላንዶ ከተማ አንድ የ14 ዓመት ታዳጊ ከማማ ወንበር ወድቆ ሞተ። በኋላ የተደረገው ምርመራ የዚያ ወንበር ሴንሰር በእጅ ተስተካክሎ፣ መያዣው ከሚገባው በላይ ሰፊ ክፍተት እያለውም ማሽኑ እንዲነሳ ሆኖ እንደነበር አሳየ። ማሽኑ አልተበላሸም ነበር፤ የተነገረውን አምኖ ተነሳ። ማማው በተከታዩ ዓመት ፈርሶ ተነሥቷል።

[ምስል፦ የማማው የታችኛው ክፍል፤ ቀጥ ብለው የቆሙ የመዳብ ሰሌዳዎች]

አሁን ወደ ፍሬኑ እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የነበሩት ማሽኖች ቁልቁል የሚወርዱትን ሰዎች በቀጥታ ማቆም አልቻሉም፤ ሐዲዱ ከታች ተጠምዞ አግድም ይሄድና ተሳፋሪዎቹ በጀርባቸው እንደተኙ እዚያ ላይ ፍሬን ይያዝላቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት በሲዳር ፖይንት ፓርክ የተከፈተው ዲመን ድሮፕ የተባለው ማሽን የዚህ ዓይነት ነበር። ሐዲዱን ቀጥ አድርጎ መተው ያስቻለው የማግኔት ፍሬን ነው።

ነገሩን በቀላሉ ለማየት ወፍራም የመዳብ ቧንቧ ቀጥ አድርገው ይዘው ጠንካራ ማግኔት ከላይ ይልቀቁበት። መዳብ በማግኔት አይሳብም፤ ማግኔቱ ግን ማር ውስጥ የገባ ይመስል ቀስ እያለ ይወርዳል። ማግኔት በመዳብ አጠገብ ሲያልፍ በመዳቡ ውስጥ የሚሽከረከር የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈጠራል፤ ይህ ጅረት የራሱን የማግኔት መስክ አውጥቶ የመጣበትን እንቅስቃሴ ይቃወማል። ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ሌዎን ፉኮ ይህን የአዙሪት ጅረት ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1855 ነበር። በማማው ላይ የመዳብ ሰሌዳዎቹ ከታች ተገጥመው ማግኔቶቹ ከወንበሮቹ ጋር ይወርዳሉ፤ በአንዳንዱ ደግሞ ቦታ ይለዋወጣሉ። ሁለቱ አይነካኩም፤ የሚፋቅ፣ የሚያልቅ የፍሬን ሸራ የለም።

ለእኔ ከሁሉ የሚልቀው፣ ይህ ፍሬን ኤሌክትሪክ የሚያቀርብለት፣ የሚያዘውም የማይፈልግ መሆኑ ነው። የከተማው መብራት ቢጠፋ፣ ኮምፒውተሩ ቢቆም፣ ተቆጣጣሪው ቢዘናጋ እንኳ ማግኔትና መዳብ ሥራቸውን ይሠራሉ፤ የሚያስነሣቸው የወንበሩ መውደቅ ራሱ ነውና።

ቀደም ሲል ያየነው የ45 ሜትር ውድቀት በ20 ሜትር ውስጥ ይቁም ብንል፣ ተሳፋሪው በአማካይ ከክብደቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ይጫነዋል፤ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ወደ 200 ኪሎ የተጠጋ ይመስለዋል። የዚህ ሰው የውድቀት ጉልበት በሙሉ በሰሌዳዎቹ ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል፤ ቢጠራቀም የአንድ ሊትር አንድ አሥረኛ የሚሆን ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ያ ሁሉ ጩኸት ለዚያች ውሃ!

ማማን ስታነጻጽሩ ከቁመቱ ጋር ፍጥነቱንም ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2014 በኒው ጀርዚ የተከፈተው ዙማንጃሮ 126 ሜትር ቁመት ነበረው፤ ፍጥነቱ ግን በሰዓት 145 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። እዚያ ፍጥነት ለመድረስ 83 ሜትር ያህል መውደቅ ይበቃል፤ ከቀረው ቁመት አብዛኛው የፍሬኑ ድርሻ ነው።

[ምስል፦ ወንበሮቹ ከታች ሲንሸራተቱ፤ ከላይ ተሸካሚው ይወርዳል]

የማግኔት ፍሬን አንድ ጉድለት አለው፤ የሚገታው እንቅስቃሴ እስካለ ድረስ ብቻ ስለሆነ ሙሉ በሙሉ ማቆም አይችልም። ፍጥነቱ ሲቀንስ ኃይሉም አብሮ ይቀንሳል፤ ወንበሮቹም የመጨረሻዎቹን ሜትሮች በዝግታ እየተንሸራተቱ ወርደው በትራስ ላይ ያርፋሉ። ተሳፋሪው ገና ትንፋሹን ሳይሰበስብ፣ እላይ የቀረው ተሸካሚ በገመዱ ወርዶ ወንበሮቹ ላይ ይደርሳል፤ መንጠቆውም «ቀጭ» ብሎ ይያያዛል።